ሽማግሌ ሳይሰማ መውጣት

ባል ሚስቱን ገደለ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ከሐዘኑ ቀድሞ የሚደርስ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ታዲያ እስከዛሬ ለምን ጥላው አልወጣችም?» ከታክሲ ሰልፍ እስከ ፌስቡክ እንሰማዋለን። እኔን ያበሳጨኝ ግን ከጥያቄው ይልቅ የጠያቂዎቹ ማንነት ነው። የተገደለችው ሴት በሕይወት እያለች ልጆቿን ይዛ ብትወጣ ኖሮ በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው «ተይ እንጂ ልጄ፣ ጎጆሽን አታፍርሺ» ሊሏት የሚሄዱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ቆማ ስትሄድ መንገድ ዘግተው፣ ስትሞት ለምን አልሄደችም ብለው ይጠይቃሉ።

እነዚህ «ጎጆሽን አታፍርሺ» ባዮች የሚመጡት በሽምግልና ስም ነው። ሽምግልና ከንቱ ነው ብዬ አላውቅም። የድንበር ጠብ፣ የውርስ ክርክር፣ የደም ካሳ ሳይቀር ሽማግሌ ፊት እልባት ሲያገኝ ኖሯል፤ ፍርድ ቤት ዓመታት የሚያንከባልለውን በአንድ እሑድ ከሰዓት የሚቋጩ አባቶች አሉን። ይህ የሚሠራው ግን ባለጉዳዮቹ ተቀራራቢ አቅም ይዘው ሲቀርቡ፣ ሁለቱም ያለ ፍርሃት ሲናገሩና ሲጨርሱም ወደየቤታቸው ሲሄዱ ነው። በሚደበድብና በምትደበደብ መካከል ሦስቱም የሉም። እሷ የምትናገረውን እሱ ጎኗ ተቀምጦ ይሰማል። ጉባኤው ሲበተን ሁለቱ የሚገቡት ወደ አንድ ቤት ነው፤ ቁልፉም በእሱ ኪስ ነው። ስለዚህ የዛሬው ነገሬ አጭር ነው፤ ከእንዲህ ያለ ሰው በሰላም ለመላቀቅ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ምስጢር ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ወግ ደግሞ መውጣት የሚባል ነገር ሁሉ አስቀድሞ በአዋጅ እንዲነገር ያስገድዳል።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጣጣ እንዳይመስለን ቁጥር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠይቆ፣ ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አገኘ። ከዚያ በፊት የዓለም ጤና ድርጅት ቡታጅራ አካባቢ ባስጠናው ጥናት በዕድሜ ዘመናቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው 71 በመቶ ነበሩ። በ2016ቱ ዳሰሳ ይበልጥ የሚያነጋግረው ግን ሌላ ነው። ወጥ ብታሳርር፣ ሳትናገር ብትወጣ፣ ብትከራከረው፣ ልጆቹን ችላ ብትል ወይም አልጋ ብትከለክለው ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ቢያንስ በአንዱ ምክንያት «አዎ» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ግን 28 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ይዘው «እነሱ ራሳቸው ተቀብለውት የለ?» የሚሉ አዋቂዎች አይጠፉም። እኔ የማነበው በሌላ ዓይን ነው። ወንዱ ለጠያቂው የሚያስከብረውን መልስ ሰጠ፤ ሴቷ የሰፈሩን ሕግ ነገረች። ስትመታ ማንም እንደማይደርስላት በልምድ ያወቀች ሴት ምቱ ተገቢ ነው ብትል ፍልስፍናዋን እየነገረችን ሳይሆን ያለችበትን ሁኔታ እያስረዳች ነው። በዚያው ዳሰሳ ከተጠቁት ውስጥ 66 በመቶው ለማንም ሳይናገሩ፣ እርዳታም ሳይጠይቁ ቀርተዋል። እርዳታ የጠየቁት ጥቂቶች ደግሞ በዋናነት የሄዱት ጎረቤትና ዘመድ ዘንድ ነው። ጎረቤትና ዘመድ ማለት እንግዲህ ሽማግሌ ጠሪዎቹ ናቸው።

ጥቃትን ለይቶ ማወቅ ላይም ዓይናችን የተያዘው በዱላው ነው። ፊቷ ካልበለዘ፣ ጥርሷ ካልወለቀ «ትንሽ ተጋጭተው ነው» ይባላል። ዱላው ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ቀድሞ የሚመጣው ደመወዟ በገባ ዕለት የቴሌብር የይለፍ ቁጥሯን መቀበል ነው፤ ስልኳን እየከፈተ ከማን ጋር እንዳወራች መመርመር ነው፤ እናቷ ቤት መሄዷ፣ ማኅበር መጠጣቷ፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠራራቷ አንድ በአንድ እየተቆረጠ በመጨረሻ የምትጠራው ሰው ማጣቷ ነው። «የት ነሽ?» የሚለው ጥሪ በሰዓቱ ይደውላል፤ ካላነሳች ማታ ችሎት አለ። ሰፈሩ ይህን ሲያይ «አቤት ሲወዳት፣ ሲቀናባት!» ይላል። ኢቫን ስታርክ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ የጥቃቱ አከርካሪ ይህ ቁጥጥር እንጂ የነጠላ ድብደባዎች ድምር አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ እንግሊዝና ዌልስም ከ2015 ጀምሮ በቅርብ ሰው ላይ የሚፈጸም ተደጋጋሚ ቁጥጥርና ማስገደድን ያለ አንዲት ጥፊ እንኳ ወንጀል አድርገውታል። የእኛም የወንጀል ሕግ ለዚህ ጭራሽ ዕውር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ጉዳትን ሲቀጣ የአካልን ብቻ ሳይሆን የአእምሮ ጤንነትንም ጠቅሷል። ይኸው ሕግ አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸም ድርጊት ወስኖ ባልን ነጻ ማውጣቱ ግን እስከዛሬ ሊያሳፍረን ይገባ ነበር።

ከምልክቶቹ ሁሉ ለይቼ የማነሳው አንድ አለ፤ ማነቅ። አንገት መያዝ ብዙ ጊዜ ምልክት ስለማይተው ሽማግሌ ፊት «ገፍትሬያት ነው» ተብሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ባሏ ወይም ፍቅረኛዋ ከዚህ ቀደም አንቋት የሚያውቅ ሴት በእሱ እጅ የመገደል ዕድሏ ከሰባት እጥፍ በላይ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጃክሊን ካምቤልና ባልደረቦቿ ቀደም ብለው በ2003 በአሥራ አንድ የአሜሪካ ከተሞች የተገደሉ ሴቶችን ጉዳይ ሲመረምሩ ደግሞ፣ ተቆጣጣሪ ከሆነ ሰው መለየት አደጋውን በብዙ እጥፍ እንደሚያንረው አገኙ። ይህን ለማመን አሜሪካ መሄድም አያስፈልግም። በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንዲት የበረራ አስተናጋጅ ላይ የደረሰው ጥቃት አገሩን አስለቅሶ ነበር፤ ዓይኗን ያጠፋው የቀድሞ ባሏ ነበር። የቀድሞ የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። «ለምን አልወጣችም?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ መውጣት በራሱ ከሁሉ የከፋው የአደጋ ሰዓት መሆኑን እሷ ከእኛ በፊት አውቃዋለች። የምትቆየው ሒሳቡን ስላልሠራች ሳይሆን ሠርታው ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ እርቁ ሳሎን እንግባ። ወንበር ከጎረቤት ተሰብስቧል፣ የነፍስ አባት መሐል ላይ፣ የእሱ አጎት ከቀኝ፣ የእሷ ታላቅ ወንድም ከግራ። እሷ እጇን አጣጥፋ ዳር ላይ ተቀምጣለች። «በይ እስቲ ልጄ፣ የሆድሽን ተናገሪ» ትባላለች። ትናገራለች። ከመናገሯ መሐል ዋናው ነገር ይወጣል፤ «ከዚህ በኋላ አልኖርም፣ እህቴ ጋ እሄዳለሁ»። በዚያች ዓረፍተ ነገር ባልየው ሦስት ነገር አወቀ፦ መሄድ እንዳሰበች፣ ወዴት እንደምትሄድና ማን እንደሚረዳት። ከዚያ «አንተም አጥፍተሃል፣ አንቺም ምላስሽን ሰብስቢ» ተብሎ ጥፋቱ እኩል ይከፈላል። ይነሳል፣ ጉልበት ይስማል፣ ያለቅሳል፤ ለቅሶው ደግሞ የምሩን ሊሆን ይችላል። ፖሊስ ጋ የሰጠችው ቃል ካለ «ክሱን አንሺ፣ የልጆችሽ አባት ነው» ይከተላል። ቡና ይቀርባል። ሽማግሌዎቹ ትዳር አዳንን ብለው መርቀው ሲወጡ የማምለጫ ዕቅዷን በሙሉ አስረክበው መሄዳቸውን አያውቁም። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ለጠብ የተሠራን ሥርዓት ለጥቃት አዋሉት እንጂ።

ሕጉም ከዚህ ሳሎን ሙሉ በሙሉ አልወጣም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው የሚለውን የቆየ የፍትሐ ብሔር ድንጋጌ ሽሯል፤ ፍቺ የመወሰን ሥልጣንን ከሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቷል። ነገር ግን አንዱ ወገን ፍቺ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን አነጋግሮ እንዲያግባባ፣ ወደ መረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲመራቸው፣ ያ ካልሠራ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ በአንቀጽ 82 ይፈቅዳል። ለተሰለቻቹ ጥንዶች ይህ ብልህነት ነው። ባሏ አንገቷን ይዞ ለነበረች ሴት ግን ሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ማለት የት እንዳለች የሚያስስበት ጊዜ ነው። ይኸው አንቀጽ መልካም ጎንም አለው፤ አቤቱታው እንደቀረበ ዳኛው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ወዲያው ትእዛዝ እንዲሰጥ፣ ከሁለቱ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበትም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን እንዲያመዛዝን ይላል። ማለትም የሚወጣው እሱ ሊሆን ይችላል። ይህን የምታውቅ ስንት ሴት አለች? በሌሎች አገሮች የተለመደው፣ ዳኛ በአንድ ቀን «አትቅረባት፣ አትደውልላት» ብሎ የሚያዝበት ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ደግሞ የለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖትና በባህል ሥርዓት ሊዳኝ የሚችለው ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ ነው ማለቱንም ላስታውስ። ፈቃድ በወንድም፣ በአጎትና በነፍስ አባት ተከብቦ የሚገኝ ከሆነ ፈቃድነቱ ያጠራጥረኛል።

«ያለ ሽማግሌ ትዳር ሁሉ ይፈርሳል» የሚሉኝ አሉ። ትዳር የሚያፈርሰው ቡጢ ነው፤ የወጣችው ሴት የፈረሰ ቤት ለቅቃ ነው የወጣችው። «ልጆቹስ?» ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ በጨዋታ አላልፈውም። አባትና እናት ባንድ ጣሪያ ሥር ቢያሳድጉ የሚበልጠውን ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ግን በግድግዳው ማዶ ይሰማል፤ የሚሰማውንም ይማረዋል፣ ወንዱ እንዴት እንደሚገዛ፣ ሴቷ እንዴት እንደምትችል። ደግሞም ልጆች ያሏት እናት ለመውጣት ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልጋት የእኔን ክርክር ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። «ሴቶች ይህን ለንብረት ይጠቀሙበታል» ለሚሉት መልሴ አጭር ነው፤ የጋራ ንብረት ብትደበደብም ባትደበደብም በሕግ እኩል ነውና ለግማሹ ስትል ፊቷን የምታስበልዝ የለችም። ወንዶችም ይጠቃሉ፤ ልክ ነው፤ ለእነሱም ምስጢር ያስፈልጋቸዋል። የሚቀረው «ሾልኮ መውጣት ነውር ነው፣ ሰው በር ከፍቶ፣ ተናግሮ ይወጣል» የሚለው ነው። ይህ የክብር ሕግ በእኩዮች መካከል ይከበር። የሚያስፈራራን ሰው አስጠንቅቆ መሄድ ግን ጨዋነት አይደለም፤ የሞኝ ድፍረት ነው።

የምስጢርን ክብደት ሕጋቸው ውስጥ ያስገቡ አሉ። አሜሪካ ያለው ወገናችን እንደሚያውቀው፣ በትዳር የሄደች ሴት ብዙ ጊዜ የምትታሰረው «ወረቀትሽን አስቀርብሻለሁ» በሚል ዛቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የሴቶች ጥቃት ሕግ የዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ ባሏ የሚያጠቃት ሴት በራሷ ስም ለመኖሪያ ፈቃድ እንድታመለክት ፈቅዶላታል፤ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም ማመልከቷን ለባሏ መንገር በሕግ ተከልክሏል። ዝምታውን ሕግ አደረጉላት። እዚህ አገር ዝምታዋን ራሷ ማዘጋጀት አለባት። በየመጠለያው ያሉ ሠራተኞች የሚመክሩትም በመሠረቱ ይኸው ነው። የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ካርድና የክትባት ወረቀት፣ የባንክ ደብተር፤ ዋናውን ማውጣት ካልተቻለ ፎቶ አንስቶ ለሚታመን አንድ ሰው ልኮ ከስልክ ላይ ማጥፋት። ልብስ በሻንጣ አይታሸግም፤ የአንድ ልጅ ቅያሪ ዛሬ በትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ሌላው ነገ ለልብስ ሰፊ እንደሚሰጥ ሁሉ በፌስታል ይወጣል። ሲም ካርዱ በእሱ ስም የወጣ ከሆነ ያ ስልክ የእሷ አይደለምና እቅድ አይወራበትም። የወላጆቿ ቤት መጀመሪያ የሚመጣበት ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ መደበቂያ አይሆንም። ከተመታች ሐኪም ቤት ሄዳ ጉዳቱን ማስመዝገቧ፣ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍልን መጠየቋ ከዓመት በኋላም ይጠቅማታል። የጋብቻ ወረቀት የሌላት ደግሞ ባዶ እጄን ነኝ ብላ ተስፋ አትቁረጥ፤ እንደ ባልና ሚስት አብረው ቢያንስ ሦስት ዓመት ከኖሩ ያፈሩት ንብረት የጋራ እንደሚሆን የቤተሰብ ሕጉ ይናገራል። ቤቱን ለቅቃ በመውጣቷም ድርሻዋን አታጣም። የምትወጣበት ቀን እሱ የሌለበት ተራ ቀን ነው፤ ከጠብ ማግስት አይደለም።

ወዴት ትወጣለች? አዲስ አበባ ውስጥ በቀድሞዋ ዳኛ በማሪያ ሙኒር የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለብዙ ዓመታት መጠለያ ሲሰጥ ኖሯል፤ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነጻ ያማክራል፤ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውንና የሕግ ሂደቱን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው። እነዚህ ሁሉ ቢደመሩ ግን ለዚህ ሕዝብ ብዛት ጠብታ ናቸው፤ መጠለያም ቢሆን ለወራት እንጂ ለዘለቄታው አይደለም። ከመጠለያ የወጣች ሴት የምትገባው የኪራይ ቤት ነው። ነገሬን በኪራይ እጨርሰዋለሁ ብዬ አልተነሳሁም፤ ግን እውነቱ ወደዚያ ይጎትታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ለአብዛኛዋ ሴት ግን የሁለት ወር ኪራይ ራሱ ከቡና ከስኳር እየቀነሱ የሚጠራቀም ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ ቢገኝ ደግሞ «ባለቤትሽስ የት ነው?» የሚል አከራይ በር ላይ ቆሟል።

እዚህ ላይ ነው እድር የሚታየኝ። እድር ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፣ ማንንም ሰነድ አምጣ አይልም። ይህች ሴት ብትገደል ለቀብሯ የሚያወጣው ገንዘብ አለ። ለሁለት ወር ኪራይ ግን አንድ ብር አያወጣም፤ መተዳደሪያ ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤ ይሻሻላል፤ ለታመመ አባል የሚሰጡ እድሮች እንዲሁ ነው ያሻሻሉት። አንድ አንቀጽ ይበቃል፤ በቤቱ ጥቃት ደርሶበት ለሚወጣ አባል የኪራይ ድጋፍ፣ ውሳኔው በሊቀመንበሩና በገንዘብ ያዡ ብቻ፣ ወጪው በወርኃዊ ስብሰባ ላይ በስም ሳይነበብ። ገንዘብ ያዡ የባልየው ዘመድ ከሆነ ደግሞ ጸሐፊው ይተካው።